ብርቄን ማን ይጫወታት

አምቦ ውስጥ «ጌጤነሽ ቀንዓ የት ነው የምትኖረው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ይንከራተት ነበር። «የብርቄ ቤት የት ነው?» ካለ ግን ሰፈሩ ሁሉ በጣቱ ይጠቁመዋል፤ ከሁሉቃ ድልድይ ወዲያ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት።

ከጌጤነሽ ጋር በአውራጃው እርሻ ጽሕፈት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። እሷ ታይፒስት ነበረች፣ እኔ መዝገብ ቤት። ከምነግራችሁ አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን ራሷ ነግራኛለች።

የጊንጪ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ቀንዓ ከአውቶቡስ መቆሚያው እስከ ገበያ ጋሪ ይነዱ ነበር፤ እሷም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ መንገደኛ ትቀበላለች። ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የወለጋ ነጋዴ፣ የአዲስ አበባ ሹም፣ ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ መምህር። የሁሉንም አነጋገር ጆሮዋ ይይዘዋል። ማታ ቤት ገብታ አንድ በአንድ ስትደግመው አባቷ «ኤጋ በቃ፣ ሆዴን አመመኝ» እስኪሉ ይስቁ ነበር። ትምህርቷን አምቦ ጨረሰች፣ ታይፕ ተማረች፣ ሥራ ያዘች። ማንም ከዚህ በላይ የሚያወራላት ነገር አልነበረም።

በ1968 ዓ.ም. መምህር ማዕረግ የሚባል የአማርኛ አስተማሪ ለቀበሌው የኪነት ቡድን አንድ አስቂኝ ቴያትር ጻፈና እንድትተይብለት ወደ ቢሯችን አመጣላት። «ሁለት በር» ይላል ርእሱ። ብርቄ የምትባል ልጃገረድ አለች። እናቷ ወይዘሮ ተዋቡ ለአንድ ሀብታም ሽማግሌ የቅቤ ነጋዴ ሊድሯት ይፈልጋሉ፤ እሷ የምትወደው ግን አንድ ምስኪን ጸሐፊ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ቤቷ ይመጣሉ። አንዱ በፊት በር ሲገባ ሌላውን በጓሮ በር ታስወጣለች፣ እንደገና ትቀያይራቸዋለች፤ በየመሀሉም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «በዚያኛው በር ይሁንልዎ፣ ጌታዬ» ትላለች። ታሪኩ ይኸው ነው።

ጌጤነሽ እየተየበች ትስቃለች። ስቃ አልበቃትም፣ የብርቄን ቃል በድምፅ ማንበብ ጀመረች። ማዕረግ ወረቀቱን ሊወስድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማት ቆየና «ይህን ድምፅ ከየት አመጣሽው?» አላት።

«ከጊንጪ አውቶቡስ መቆሚያ» አለችው።

ሌላ ብርቄ አልፈለገም።

በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ቀላል ነገር አልነበረም። የጊንጪ ዘመድ «አዝማሪ ልትሆን ነው» ብሎ ለአባቷ ነገራቸው። የመጀመሪያው ቀን ኦቦ ቀንዓ ጅራፋቸውን እንደያዙ አዳራሹ ውስጥ ገብተው ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ጌጤነሽ በመጋረጃው ቀዳዳ አየቻቸውና አልወጣም አለች። የቅቤ ነጋዴውን የሚጫወተው ኦቦ ጉዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጠጉሩን በዱቄት አንጥቶ ሽማግሌ መስሎ ቆሞ «አባትሽ ጅራፉን ካነሱ እኔ በየትኛው በር ነው የምወጣው?» ሲላት በሳቅ ፈነዳች፣ በዚያው ሳቅ ወጣች። ብዙም አልቆየ፣ አባቷ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየናቸው። ጅራፉን የት እንደጣሉት አያውቁም። በማግስቱ ከጎረቤት ተበድረው ነው ሥራ የወጡት።

ቡድኑ ጉደር ሄደ፣ ጊንጪ ሄደ። የጊንጪውን አልረሳውም። የገበያ ቀን ነበር፤ ከመቆሚያው አጠገብ ሜዳ ላይ ተጫወቱ። ወደ ነቀምት የሚሄድ አውቶቡስ ለሻይ ቆሞ ነበርና ሾፌሩ አንዴ ጥሩምባ ነፋ፣ ሁለቴ ነፋ፤ የሚሳፈርለት አጣ። ሦስተኛውን ሳይነፋ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ እሱም መጥቶ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌጤነሽ በመንገዱ ሁሉ ብርቄ ሆና ቀረች። አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ረዳቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በዚያኛው በር ይሁንልዎ» ይላታል።

ይህ ደስታ ሁለት ዓመት አልሞላም። በ1970 ማዕረግን ወሰዱት። ለምን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም። እናቱ ወይዘሮ መንበረ ቤታቸው ሊፈተሽ ነው ሲባሉ የልጃቸውን ወረቀት ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ማንበብ አይችሉም፤ ቴያትሩ የትኛው እንደሆነ፣ ሌላው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻሉም። እኛም ጋ የነበረው ቅጂ ስሙ ስላለበት አንድ በአንድ ጠፋ። ጌጤነሽ የራሷን በእጇ ቀዳደደችው። ይህን ስትነግረኝ ከዓመታት በኋላም ፊቷን አዙራ ነበር።

ማዕረግ አራት ዓመት ታስሮ ተፈታ። ወደ አምቦ ግን አልተመለሰም። ባኮ በበቆሎ ምርምር ጣቢያው የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ አገኘና እዚያው ቀረ፤ እናቱ በዓመት አንዴ እየሄዱ ያዩት ነበር። በዚያው መሀል ጌጤነሽ ዳዲ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር አገባች። ባኮና አምቦ መካከል በቆሎ የሚያመላልስ፣ ቃል ቁጥብ፣ ደግ ሰው ነው። ሦስት ልጆች ወለዱ። ኑሮዋ ሞላ፣ እሷም ሞላች።

በ1979 ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ወጣት መምህር ወደ ቢሯችን መጣ። ደግፌ ይባላል፤ ከደሴ የተመደበ፣ ገና ሃያ አራት ዓመቱ። የቀበሌው ሊቀመንበር ለመስከረሙ በዓል ሰው የሚስቅበት ነገር አዘጋጅ ብለውት፣ በሄደበት ሁሉ «ሁለት በርን አምጣልን» ስላሉት ነው የመጣው።

«እሜቴ» አላት፣ «ጽሑፉ የለም አሉኝ። ቃሉን ግን እርስዎ ያውቁታል አሉ።»

ጌጤነሽ የጽሕፈት መኪናው ላይ የነበረውን ደብዳቤ አወጣች። ከዚያ አዲስ ወረቀት ከካርቦን ጋር አስገባችና ጣቷን ቁልፎቹ ላይ አኖረች። በመጀመሪያው መስመር የቴያትሩን ስም ጻፈች። በሁለተኛው «ደራሲ፦ ማዕረግ» ብላ የአባቱን ስም ጨመረችበት።

ደግፌ አጎንብሶ አየው። «ይህን ይፈቅዱ ይሆን?»

«የጻፈው እሱ ነው» አለችው። «ካልፈቀዱ ሌላ ታይፒስት ፈልግ።»

ከዚያ ጀመረች። የብርቄን በብርቄ ድምፅ፣ የነጋዴውን በነጋዴው ድምፅ እየተናገረች ትተይባለች። አፏ ከጣቷ ሲቀድም ትቆማለች፣ ትስቃለች፣ ትቀጥላለች። መጀመሪያ እኔ ከመዝገብ ቤት ወጣሁ። ከዚያ ገንዘብ ያዡ መጣ፣ ተላላኪዋ መጣች፣ ስለ ማዳበሪያ ሊያመለክቱ የመጡ ሁለት ገበሬዎች መጡ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በቁጣ ወጥተው «ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሰው?» ሲሉ ነጋዴው የጓሮው በር ላይ የሚቀረቀርበት ቦታ ደርሳ ነበርና፣ እሳቸውም ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። ሁለት ቀን ፈጀ። ሠላሳ አንድ ገጽ።

ደግፌ ወረቀቱን እንደ ታቦት በሁለት እጁ ተቀበለ። «እሜቴ ጌጤነሽ፣ ውለታዎን አልረሳም። አሁን ልምምድ እንጀምራለን። ለብርቄም ጥሩ ልጅ አግኝቻለሁ፤ እንቁ ትባላለች፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት።»

ጌጤነሽ «ደግ» አለችው። ወረቀት የሌለበትን የጽሕፈት መኪና ሁለት ሦስት ጊዜ መታችው። እኔ ብቻ ነበርኩ ያየሁት።

ወሬው በሁለት ቀን ከተማውን ሞላው። ኦቦ ጉዩ መቀሱን በእጁ እንደያዘ ከሱቁ ወጥቶ ወደ ቀበሌ ሄደ። ስብሰባ ተጠራ፤ ለሌላ ጉዳይ የማይመጣው ሰው ሁሉ ለዚህ መጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለ ኦቦ ጉዩ፣ «ሰው ሁለት በር ተመለሰ ሲባል የሚመጣው እኛን ሊያይ ነው። ሌላ ሰው ብርቄ ነኝ ቢለኝ፣ ያ የጎረቤቴን ልብስ ለብሶ እኔ ጎረቤትህ ነኝ እንደማለት ነው።»

ደግፌ ተነሣ። «ኦቦ ጉዩ፣ አከብርዎታለሁ። ብርቄ ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቴያትሩ የተዋናዮቹ ብቻ ከሆነ ከእነሱ ጋር ያረጃል፣ ከእነሱ ጋር ይሞታል። አዲስ ልጅ ካልገባበት እንዴት ይኖራል?»

ፀዳለ የምትባል ጠላ ሻጭ ከኋላ «ዕድሜውን ተዉት። ያኔስ ጉዩ ሽማግሌ ነበር እንዴ? በዱቄት አይደል ያረጀው? ዱቄት የሚያስረጅ ከሆነ፣ ቅቤ ደግሞ ልጅ ያድርጋት» አለች። አዳራሹ ሳቀ። አንዱ «የድሮው ይመለስ» ይላል፣ አንዱ «ልጆቻችንስ መቼ ይውጡ?» ይላል። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ እጅ አስወጡ። የድሮዎቹ በየቦታቸው እንዲመለሱ በብዙ ድምፅ ተወሰነ፤ እንቁ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ትሞላለች ተባለ። ባዶ የቀረው የእናትየዋ ቦታ ነበር። ያኔ ወይዘሮ ተዋቡን የተጫወቱት ሴትዮ ወደ ነቀምት ተዛውረው ነበርና።

ጌጤነሽ በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ዳዲን «ብርቄን እኔ ነኝ የምጫወታት» አለችው። እሱም «ሌላ ማን ነበር?» አላት።

የመጀመሪያው ልምምድ እሑድ ጠዋት ነበር። ጌጤነሽ የብርቄን አበባ ቀሚስ አሰፍታ መጣች። ኦቦ ጉዩ ዱቄት ሊያመጣ ሲል ደግፌ በትሕትና «አያስፈልግም» አለው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ጠጉሩ ራሱ ሸብቶ ነበር። እንቁ የእናትየዋን ነጠላ አጣፍታ ቆመች። ቀጭን፣ ረጅም አንገት ያላት፣ ድምፅዋ ገና እንደ ዋሽንት የሚሰልል ልጅ ናት። ወረቀቷን ይዛ የሦስት ልጆች እናት ወደሆነችው ጌጤነሽ ዞረችና የወይዘሮ ተዋቡን ቃል አነበበች።

«አንቺ ልጅ፣ የእናትሽ ጡት ከአፍሽ ሳይደርቅ ባል አማረሽ?»

መጀመሪያ የሳቀችው ጌጤነሽ ናት። ሳቋ ከሆዷ መጣና መቆም አቃታት፤ መድረኩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንቁ ደነገጠችና ይቅርታ ልትጠይቅ ስትጀምር እሷም በሳቅ ተያዘች። ኦቦ ጉዩ እንኳ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

ጌጤነሽ እንባዋን ጠርጋ ተነሣች። «ነጠላውን ወዲህ በይ» አለቻት። «ለቀልድ ነው። አንድ ገጽ ብቻ እንቀያየር።»

ነጠላውን ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ያንኑ ቃል ተናገረችው፤ ግን እንደዚያ አልነበረም። በቁጣ ጀምራ መሀል ላይ ድምፅዋ ለሰለሰ፣ እጇ የእንቁን አንገትጌ ሊያስተካክል ሄደ። ይህ ጽሑፉ ውስጥ የለም። እንቁም አቀርቅራ ቆየችና ቀና ስትል ዓይኗ ውስጥ ተንኮል ነበር። ገጹ አለቀ፣ ሌላው ቀጠለ። ያቆማቸው ሰው አልነበረም።

ያን ጊዜ ምን እንደተሰማት ጠይቄያታለሁ። «ብርቄን ሳደርጋት አባቴን ነበር የምፈራው» አለችኝ። «አሁን ነጠላውን ስለብስ የራሴ ትልቋ ልጅ መጣችብኝ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ ነገ ለእኔም ሁለት በር ትከፍትብኛለች። ብርቄን ወደድኳት፤ ግን አዘንኩ ደግሞ ለእናትየዋ። ያኔ ጅል ይመስሉኝ ነበር እኮ።»

ልምምዱ ሲያልቅ ነጠላውን ሳታወልቅ ደግፌን ጠራችው። «እኔ እናትየዋ ነኝ። ቀሚሱን ለልጅቱ አጥብቡላት።»

ኦቦ ጉዩ ተቆጣ። «አዴ ጌጤነሽ፣ ሕዝቡ እጅ አውጥቶልሻል። የሚመጣው አንቺን ሊያይ ነው።»

«ያየኛል እኮ፣ ኦቦ ጉዩ። ከድሮው ይልቅ ሰፋ ብዬ ነው የምታየው።»

«እኔስ? እኔም ልቀየር?»

«እርስዎ አሁን ነው ነጋዴውን የሆኑት። ያኔ ልምምድ ላይ ነበሩ።»

ቀሚሱን ያጠበበው ራሱ ኦቦ ጉዩ ነው። እያጉረመረመ፣ ግን አንድ ስፌት ሳያበላሽ።

የበዓሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ሰው ተሰቅሎ ነበር። መቀየሩን ብዙው ሰው አልሰማም። መጋረጃው ተከፍቶ እንቁ በአበባው ቀሚስ ስትወጣ ጭብጨባው መሀል ላይ ቆመ። ጉርምርምታ መጣ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ «ይህቺ ማናት? ብርቄን አምጡልን» አለ። ሌሎችም ተከተሉት። እንቁ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ጠፋባት። የቀሚሷን ጫፍ ስትጨብጥ ከአራተኛው ረድፍ ትታየኝ ነበር።

ወይዘሮ ተዋቡ የምትገባው ከሁለት ገጽ በኋላ ነው። ጌጤነሽ አልጠበቀችም። ነጠላዋን እየጎተተች፣ ወፍጮ ቤት ደርሳ እንደተመለሰች ሴት እያለከለከች ወጣች። አዳራሹ አወቃትና ተንጫጫ። እሷ ግን ወደ ሕዝቡ ዞራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምን ሆናችኋል ጎረቤቶቼ? ልጄ ናት። እኔም እንደሷ ቀጭን ነበርኩ፤ ታስታውሱኛላችሁ።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ምንም አልቀረው። እስኪበርድ ቆየችና ወደ እንቁ ዞረች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ልጇ፣ «ሰው እያንኳኳ ነው የኔ ልጅ። በየትኛው በር ላስገባው?» አለቻት።

እንቁ ተነፈሰች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«በዚያኛው በር ይሁንልዎ፣ እማዬ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ድሮ አላነሣም። «ብርቄን አምጡ» ያለው ጎልማሳ ሲጨርሱ ወንበር ላይ ቆሞ ሲያጨበጭብ ነበር። በማግስቱ ገበያ ውስጥ ሴቶች እንቁን እየጠቆሙ «የብርቄ ልጅ» ሲሏት ሰማሁ፤ ጌጤነሽ «ያን ስሰማ ጨርሶ አልከፋኝም» ብላኛለች፣ አምኛታለሁ።

በጥቅምት ቡድኑ ወደ ባኮ ተጠራ። ዳዲ መኪናውን ጠርጎ ወንበር ደረደረልን፤ እኔም ዕቃ ጠባቂ ነኝ ብዬ ተሳፈርኩ። ጌዶ ላይ ቅዝቃዜው ጥርስ ያንቀጫቅጭ ነበር፤ ቁልቁል ስንወርድ ግን አንድ በአንድ ኮታችንን አወለቅን። ባኮ ሞቅ አድርጎ ተቀበለን። ግራና ቀኙ የደረሰ በቆሎ ነው። መድረኩ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር፣ ሰው በጆንያ ላይ ተቀምጦ ያያል።

ቴያትሩ ሲጋመስ በሩ አጠገብ የቆመ አንድ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው አየሁ። ሌላው ሲስቅ እሱ አይስቅም፤ ከንፈሩ ብቻ ከተዋናዮቹ ጋር ይንቀሳቀሳል። ለካ የምናውቀው ሰው ነው፤ ከተያየን ዘጠኝ ዓመት አልፎን ነበር።

ሲያልቅ ጌጤነሽ ከመድረኩ ሳትወርድ አየችው። አጠገቡ ደርሳ ቆመች።

«መምህር» አለችው፣ «አካም ጅርቱ?»

«ፈያ፣ ደኅና» አለ ማዕረግ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «መሀል ላይ እኔ ያልጻፍኩት ቃል ሰማሁ።»

«የቱን?»

«ታስታውሱኛላችሁ የሚለውን።»

«ቸግሮኝ ነው፤ እሰርዘዋለሁ።»

«እንዳትነኪው። እኔ ማሰብ የነበረብኝን ነው ያሰብሽው።» ከዚያ ሳቀ፤ እንደ ድሮው፣ ትከሻውን እያንቀጠቀጠ። «ኦቦ ጉዩስ? ዱቄቱን ከምን ጋር ለውሶ ነው ጠጉሩን እንዲህ ያነጣው?»

«በዕድሜ» አለ ኦቦ ጉዩ ከኋላ መጥቶ፣ አቀፈው።

ጌጤነሽ የተየበችውን ሰጠችው። የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው ያየው። ጣቱን በስሙ ላይ አኑሮ ረጅም ጊዜ ቆየ። ደግፌ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ማዕረግ ቀና ብሎ «ልጅቱን አንተ ነህ ያገኘሃት?» አለው። ደግፌ በአዎንታ ራሱን ሲነቀንቅ «ደግ አደረግህ። ሌላም አግኝ» አለው።

ግቢው ውስጥ እሳት ተለኩሶ የእሸት በቆሎ ተጠበሰ። የባኮ ልጆች ዘፈን አወጡ፣ ኦቦ ጉዩ እንቁን ጭፈራ አስተማራት፣ ወይም እሷ አስተማረችው፤ ሁለቱም እኔ ነኝ ይላሉ። ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ ዳዲ ሞተሩን አስነሣ። ሁላችንም ስንሳፈር ማዕረግ ከመኪናው በታች ቆሞ ቀረ፤ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደ ግምጃ ቤቱ ያያል።

«ነገ እሑድ ነው» አለ፣ ለራሱ የሚናገር ይመስል። «ዳዲ፣ አምቦ ድረስ ቦታ ይኖርሃል?»

ቃል የማያባክነው ዳዲ ከወንበሩ ወርዶ የጋቢናውን በር ከፈተለት። ጌጤነሽ ግን «ጋቢና ለሽማግሌ ነው፣ ከእኛ ጋር ይምጣ» አለችና ከላይ እጇን ዘረጋችለት። ኦቦ ጉዩ ከታች ገፋው። ጌዶ ስንደርስ ሲበርደን አራታችን በአንድ ጋቢ ተሸፈንን፤ እንቁ የሁለተኛውን ክፍል ቃል ስትወጣው ማዕረግ አንዲት ፊደል እያረማት፣ ጌጤነሽም «እኔ የተየብኩት ነው ትክክሉ» እያለች እየተከራከሩ አምቦ ገባን።